ከስኒው ሥር ያለችው ጨረቃ

እዚህ እንግሊዝ አገር፣ በርስለም ከተማ ውስጥ ሰው ቤት ሻይ ተጋብዛችሁ፣ አብሯችሁ የተቀመጠው እንግዳ ስኒውን ከመቅመሱ በፊት ከፍ አድርጎ ከታች ሲያየው ብታገኙት አትቀየሙ። ነውር አይደለም። እኛ የሸክላ ከተማ ልጆች ነን። ሠርግ ቤትም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ሳህኑን ገልብጠን የማን ሥራ እንደሆነ ካላየን ምግብ አይዋጥልንም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሠርጋችን ቀን ሳህኑን ሾርባ እንዳለበት ሊገለብጠው ሲል እናቴ ናት እጁን የያዘችው።

ዛሬ ዛሬ ደግሞ ይህንኑ ሥራዬ ብለው የያዙ ሰዎች ከሩቅ ይመጣሉ። የድሮ ሸክላ ሰብሳቢዎች ናቸው። አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው በሬን ያንኳኩና "ይህቺ ምልክት የማን ናት?" ይሉኛል። ብዙ ጊዜ የሚያሳዩኝ አንዲቷን ነው፤ በሰማያዊ ቀለም የተሣለች ትንሽ ግማሽ ጨረቃ፣ ከሥሯ ሦስት ነጥቦች። በመጽሐፋቸው ውስጥ የሜብል ታምስ ናት ተብሎ ተጽፏል፤ የአልደርሲ ፋብሪካ ሠዓሊ። እውነት ነው፣ የእሷ ነበረች። ግን ሜብል ከሞተች በኋላ የተሠሩ ዕቃዎችም ይህችኑ ጨረቃ ይዘው ይገኛሉ፤ ሰዎቹ ግራ የሚጋቡት እዚህ ላይ ነው። አንዱማ ባለፈው ሳምንት መስኮቴ ላይ ያለችውን ረጅም የአበባ ማስቀመጫ አንሥቶ ገለበጣትና፣ በጣም እያዘነልኝ፣ "ይቅርታ እማማ፣ ይህቺ እንኳ የሐሰት ናት" አለኝ። ልክ ነህ አልኩትና ሻይ ጨመርኩለት።

ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። እሱ የጠየቀኝ ስለ ሸክላ ነው፤ ነገሩ ግን የሰው ነገር ነው።

ፊሊስ እባላለሁ፤ በዚያን ጊዜ ቀጭን፣ ምላሴ የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። በአልደርሲ ፋብሪካ የሥዕል ክፍል ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ተደርድረን ሸክላው ላይ አበባና ወፍ የምንሥል ሴቶች ነበርን። ልምምዷን ጨርሳ ተራ የደረሳት ሴት የራሷ ምልክት ይሰጣታል። ምልክቷን በትንሽ ነጭ የሸክላ ሰሌዳ ላይ ትሥላታለች፤ ሰሌዳው ተተኩሶ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ ወዲያ የሠራችው ሁሉ ከታች ያንን ይዞ ይወጣል። ሠዓሊዋ ስትለቅ ወይም ስትሞት ምልክቷ ለተረኛዋ ይተላለፋል። አንድ ደንብ ግን ነበር። ያ ምልክት ያለበት ዕቃ ከእቶን መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ለሌላ አይሰጥም፤ ሰው ሥሎ የተወው ሥራ ተራውን ሲጠብቅ ሊከርም ይችላልና።

ሜብል ታምስ ከገና በፊት በሳንባ በሽታ ሞተች። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።

ሜብል ሥዕል ስትሥል ታፏጭ ነበር። የጸሎት ቤት መዝሙር ነው የምታፏጨው፣ ግን እንደ ጭፈራ አፍጥና፤ አለቃችን ወይዘሮ ብሉር ሁልጊዜ ይቆጧታል፣ እሷ ሁልጊዜ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ወዲያው ደግሞ ታፏጫለች። አጠገቧ የምትቀመጠው ታናሽ እህቷ ኦሊቭ ናት። ኦሊቭ ዝምተኛ ናት። ብሩሽ አያያዝ ያስተማረቻት ሜብል ነች፤ እጇን በእጇ ላይ ደርባ። ስለዚህ የሁለቱ እጅ አንድ ዓይነት ነበር፤ ከምልክቱ በቀር እኛም አንለየውም።

ከቀብሩ በኋላ የሜብልን በርጩማ ማንም አልነካውም። ሽርጧም ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ጨረቃ ያለባቸው ዕቃዎች እየወጡ ነው፤ ሥላ የተወቻቸው ናቸው አልን፣ ማንም አልገረመውም። አንድ ጠዋት ግን ወይዘሮ ብሉር ቀድመው ገብተው የሜብልን ብሩሽ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ለማንም አልተናገሩም ነበር፤ ፊታቸውን አይተን ነው ያወጣጣናቸው።

ከዚያ አንድ ጆግ ወጣ።

ጆጉን የገለበጠው ሊዮናርድ አልደርሲ ነው፣ የፋብሪካው ባለቤት አንድያ ልጅ። ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ ሥራው የናሙና ክፍሉን መጠበቅና ምልክት ማንበብ ነበር። የለንደን ነጋዴዎች ሳይቀሩ የሚያጠራጥር ዕቃ ሲገጥማቸው ይልኩለታል። አንዴ ገልብጦ ያይና የእኛ ነው ወይም አይደለም ይላል፤ አለቀ። በሰው ምልክት መጠቀምን እንደ ሌብነት ነበር የሚቆጥረው፤ እንዲያውም ከሌብነት ይከፋል፣ ሌባ ዕቃ ነው የሚወስደው፣ ይሄኛው ስም ይወስዳል ይል ነበር።

ያን ጆግ ገልብጦ አየው፤ አላስቀመጠውም። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄዶ እንደገና አየው። ከሜብል ጨረቃ አጠገብ ጭቃው ሳይደርቅ የታተመች አንዲት ኮከብ ነበረች። የዓመቱ ምልክት ናት፤ ቅርጽ አውጪዎቹ በየዓመቱ ይቀይሯታል፣ ኮከቧ ደግሞ ከገና በኋላ ነው የጀመረችው። ያ ጭቃ ገና ጆግ ሳይሆን ሜብል አፈር ውስጥ ነበረች።

ሊዮናርድ ወደ ኦሊቭ ጠረጴዛ መጥቶ ጆጉን ፊቷ አስቀመጠና "ሚስ ታምስ፣ ይህቺን ምልክት ያውቋታል?" አላት።

"የእህቴ ናት" አለች ኦሊቭ። ዓይኗን ከሥራዋ አላነሣችም።

እሱ ግን ብዙ ቆየ። የሚያየው ጆጉን አልነበረም፤ አንገቷን፣ ጆሮዋ ሥር የወደቀውን ፀጉሯን ነበር የሚያየው። ከዚያ ጆጉን አንሥቶ ወጣ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ይዋደዱ ነበር። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው፣ ማንም የማያወራው ነገር ነው። የቀደመው በጋ ፋብሪካው ወደ ራድያርድ ሐይቅ ሽርሽር ወስዶን ሊዮናርድ ኦሊቭን በጀልባ ይዟት ወጣ። ሜብልና እኔ ዳር ተቀምጠን ዳቧችንን እየበላን ስናያቸው፣ ቀዘፋውን ትቶ ያያት ጀመር፤ ጀልባዋ ዝም ብላ ትዞራለች። "ሰውዬው ስኒ ሲያይ እንኳ እንዲህ አይፈዝም" አለች ሜብል፤ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ሳሏ የጀመራት ያኔ ነው። እዚያው ጀልባ ላይ ሊዮናርድ ኦሊቭን አግቢኝ አላት። ኦሊቭ እሺ ልትል ነበር። የሊዮናርድ አባት ይህን ሰምተው፣ ሠዓሊ ሴት ለፋብሪካ ጌጥ ናት፣ ለቤት ግን አይደለችም አሉ ተብሎ ተወራ። ለዚያ ወሬም ቢሆን ኦሊቭ ግድ አልነበራትም። ግን ሜብል ሞተችና ነገሩ ሁሉ ቀረ። ሊዮናርድ መልሶ ሲጠይቃት፣ ሜብል እዚያ ብቻዋን ሆና እኔ እንዴት ልደሰት አለችው።

ታምሶች ጎረቤቶቻችን ነበሩ። እሑድ ጠዋት የአጃ ቂጣ ስንገዛ እናቴ ለእነሱም ሁለት ሁለት አስይዛ ትልከኛለች። በጓሮ በር ስገባ ወይዘሮ ታምስ ጠረጴዛውን አሰናድተው አገኛቸዋለሁ። እናትና ልጅ ብቻ ናቸው፤ ስኒው ግን ሦስት ነው። ሦስተኛው ሜብል በገዛ እጇ የሠራችው ነው። ወይዘሮ ታምስ ሻይ ይቀዱበታል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይደፉታል። በየቀኑ ኦሊቭ ከሥራ ስትመጣ "ዛሬስ ወጣ?" ይሏታል፤ የሜብል ጨረቃ ያለበት ዕቃ ማለታቸው ነው። ኦሊቭ "ወጣ እማዬ" ስትል ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ምድጃው ይዞራሉ።

ፋብሪካው ውስጥ ፍርሃቱ እየባሰ ሄደ። አንዷ ሳል ሰማሁ ትላለች፣ ሌላዋ ፉጨት። እኔ በበኩሌ መንፈስ እንዲህ በሰዓቱ ሥራ ይገባል ብዬ አላምንም፤ ግን ማታ ከክፍሉ የመጨረሻዋ ሆኜ ለመውጣት አልደፍርም ነበር። የሊዮናርድ አባት ግን መንፈስ የሚባል አልገባቸውም። ገዢዎቻችን በሠዓሊዋ ምልክት ነው የሚገዙን፣ የሞተች ሴት ምልክት ያለበት ዕቃ ከተሸጠ የፋብሪካው ስም አፈር ይበላል አሉ። ልጃቸውን ጠርተው እስከ ፋሲካ ድረስ ይህን የምትሠራውን ፈልገህ አምጣ፣ ትባረራለች አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ዓይን ሁሉ ኦሊቭ ላይ አረፈ። ሊዮናርድም ዕለት ዕለት በክፍላችን ያልፋል፤ አንዲት ቃል ሳይናገር ያያታል፣ ይሄዳል። እሷ ሊይዘኝ ነው የሚመጣው ብላ ታስብ እንደነበር ኋላ ነገረችኝ፤ ፊቷ በየቀኑ እየጠቆረ ሄደ።

በመሐል ሊክ የምትባል ከተማ ያለችው አክስቷ ታመመችና ኦሊቭ ልታስታምም ሄደች። እሷ በሌለችበት ሳምንት እኔ አንድ ረጅም የአበባ ማስቀመጫ ሠራሁ፤ ቀይ የዱር አበባ በላዩ ላይ፣ በሕይወቴ የኮራሁበት የመጀመሪያ ሥራዬ። ምልክት ስለሌለኝ ታችኛውን ባዶ ትቼ፣ ወይዘሮ ብሉር የክፍሉን ምልክት እንዲያደርጉበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ለምሳ ወጣሁ። ከዚያ ወደ እቶን ገባ፤ እኔም ረሳሁት።

እቶኑ ተከፍቶ ዕቃው የወጣው ዓርብ ነው፤ ኦሊቭም የዚያኑ ጠዋት ነው የተመለሰችው። የእቶኑ ሠራተኛ የእኔን ማስቀመጫ አውጥቶ፣ እንደ ልማዳችን፣ ገለበጠው። ከዚያ እንደተገለበጠ ይዞት ቆመ። ጨረቃዋ አለች። ሦስቱ ነጥቦች አሉ።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ ኦሊቭን አየ፤ ወዲያውም እዚህ እንዳልነበረች ትዝ አለው። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ፍርሃት የመጣው። እኔ የገዛ ሥራዬን ለመንካት እጄ እምቢ አለኝ። ኦሊቭ ግን በሰዎቹ መሐል አልፋ መጣች፤ ማስቀመጫውን ከሰውዬው እጅ ወሰደችና ገና ያልበረደውን ሸክላ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው። ታለቅሳለች፣ ግን ፊቷ በርቷል። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና ሁሉንም ነገረችኝ። ሌሎቹን በሙሉ የሣለችው እሷ ናት። ሰሌዳው ከግድግዳ ሲወርድ፣ የሜብል ጨረቃ ሌላ ሰው እጅ ስትገባ ማየት አልቻለችም፤ ስለዚህ ከራሷ ሥራ አንዳንዱን በእህቷ ምልክት ታሳልፈው ነበር። ድካሙ የእሷ፣ ምልክቱ የሜብል።

"ይሄኛው ግን የኔ አይደለም፣ ፊሊስ። ገባሽ? ይሄኛው የኔ አይደለም። ስጠራት፣ ስጠራት፣ መጣች።"

ምን ልበላት? ሊዮናርድ በዚያ ሰዓት በክፍሉ ሲያልፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ተነሥታ ወደ እሱ ሄደች። እኔ ከተቀመጥኩበት ሰማኋት። ከእንግዲህ እንዳይጠይቃት፣ ከዚህ ጠረጴዛ እስክትሞት እንደማትነሣ ነገረችው። ሜብል መጥታ ቦታዬን ባዶ ብታገኘው ምን ትላለች አለችው፤ ሳቅ እያለች። የሰውየው ፊት እንደ ነጭ ጭቃ ሆነ። ዞሮ ወጣ፤ እኔም ያን ፊት ለረጅም ጊዜ ከዓይኔ ማውጣት አልቻልኩም።

ቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ነው። እኔ ከናሙና ክፍሉ ጎን ባለችው ትንሽ ክፍል ዕቃ በጭድ እጠቀልላለሁ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ሊዮናርድ ኦሊቭን አስጠራት። ማስቀመጫውን እንዳቀፈችው መጣች፤ ቤቷም ይዛው አድራለች። እኔ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም፤ እናንተም ብትሆኑ አትወጡም ነበር።

"ኦሊቭ" አላት። ሚስ ታምስ አላላትም። "ይህቺን ጨረቃ የሣልኳት እኔ ነኝ።"

እሷ ትንሽ ሳቀች። "እርስዎ እኮ መሣል አይችሉም።"

"አልችልም። እያት እስቲ፣ ወደ ብርሃኑ።" በመስኮቱ በኩል አዞረላት። "ሜብል ብሩሹን ጫን አድርጋ በአንድ ጊዜ ነው የምታነሣው። አንቺም እንደሷ ነሽ። ሌሎቹ የማን እጅ እንደሆኑ ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር፤ ለአባቴ አልነገርኩም እንጂ። ይህቺ ግን ዙሪያዋ ተከቦ ነው መሐሏ የተሞላው። ዓይኔ ያውቃታል፣ እጄ አያውቃትም።"

እጄ ላይ የነበረው ጭድ ወደቀ።

"ለምን?" አለች ኦሊቭ።

ሊያባርሯት እንደነበር፣ እሷ በሌለችበት የተሣለ አንድ ዕቃ ከወጣ ማንም እንደማይጠረጥራት አስቦ ማድረጉን ነገራት። በምሳ ሰዓት ገብቶ ከመደርደሪያው ምልክት የሌለበትን ማስቀመጫ አንሥቶ ነው የሣላት። "ሌላው እንዲያምን ነበር የፈለግኩት። አንቺ ታምኛለሽ ብዬ አላሰብኩም፤ ከሰው ሁሉ አንቺ።"

ኦሊቭ ከዚያ በፊት እሱን አንተ ብላው አታውቅም።

"ትናንት እህቴ መጥታ ነበር" አለች፤ ድምፅዋ አልጮኸም። "ሌሊቱን ሙሉ አወራኋት። የአክስቴን ሕመም ነገርኳት። ያንተን ነገር ነገርኳት። ዛሬ ደግሞ የለችም ትለኛለህ። አንዴ ቀብሬያት ነበር እኮ ሊዮናርድ። አንተ ሁለተኛ አስቀበርከኝ።"

"አዎ" አለ። "ዝም ብል ግን የምቀብረው አንቺን ነው።"

ኦሊቭ ማስቀመጫውን ከፍ ስታደርገው በበሩ ክፍተት አየሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሥራዬ እኮ ነው፣ የመጀመሪያ ሥራዬ። የሚሰበር ነገር ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ስገልጥ ኦሊቭ ማስቀመጫውን ገልብጣ ጨረቃዋን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ነው።

"ስንት ጊዜ ሞከርካት?"

ሊዮናርድ መሳቢያውን ሳበው። ስብርባሪ ሸክላ ሞልቶበታል፤ በእያንዳንዱ ላይ ጨረቃ። ወፍራም፣ ጎባጣ፣ ቀለሟ የፈሰሰ፣ ነጥቧ የሸሸ። የሰው ምልክት መንካትን ከሌብነት አብልጦ የሚጠላ ሰው፣ ስንት ቀን ተደብቆ እንደሠራቸው እግዚአብሔር ይወቅ። ኦሊቭ አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው። አንዷ ጋ ስትደርስ "ይሄማ የተገመጠ የአጃ ቂጣ ነው" አለች፤ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠና ለቅሶ ሆነ። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ሊዮናርድ አልነካትም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ የባለቤቱ ልጅ፣ ከነሙሉ ልብሱ አቧራው ላይ።

ልቅሶው ሲበርድላት ድንገት ቀና አለች።

"እማዬ" አለች። "እማዬ እሑድ እሑድ ስኒዋን ታወጣለች። በየቀኑ ወጣ ወይ ትለኛለች፣ እኔ ወጣ እላታለሁ። ሊዮናርድ፣ አንተ አንድ ሌሊት ያደረግክብኝን እኔ በእሷ ላይ ክረምቱን በሙሉ አድርጌባታለሁ።"

"አብሬሽ ልምጣ?" አላት።

አየችው። "ነገ ና። በጓሮ በር ግን። የፊት ለፊቱ ለቄስና ለሬሳ ነው።"

በማግስቱ ቂጣዬን ይዤ ስገባ ሦስቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ኦሊቭ፣ እናቷ፣ ሊዮናርድ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። የሜብል ስኒ እንደ ወትሮው በቦታዋ አለች፤ ሻዩ ተቀድቶ ቀዝቅዟል። ልወጣ ስል ወይዘሮ ታምስ ተቀመጪ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ። ኦሊቭ ነገሯን ጨርሳ ኖሯል። ወይዘሮ ታምስ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ሁሉንም የሣልሽው አንቺ ነሽ?"

"ሁሉንም እማዬ። የመጨረሻዋን እሱ።" ኦሊቭ እጇን እያሻሸች ነበር። "ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነው። ወጣ ስልሽ ደስ የሚልሽ መስሎኝ።"

"ደስ?" አሉ እናትየው። "ልጄ ሞታም አላረፈች ብዬ ነበር እኮ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ፋብሪካ አስገባኋት፤ መቃብር ውስጥ ሆና እንኳ ሥራ አልለቀቃትም ብዬ። ይህን ስኒ የማወጣው ለምን ይመስልሻል? ደክሟት ትመጣለች ብዬ ነው።"

ኦሊቭ ከወንበሯ ወርዳ ራሷን እናቷ ጉልበት ላይ አደረገች፤ እሳቸውም ያን በሥራ የሻከረ እጃቸውን ፀጉሯ ላይ አሳረፉ። ውጭ የጸሎት ቤቱ ደወል ይሰማል። "እንግዲያው አርፋለች" አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የሜብልን ሰሌዳ ነገ እንድወስድ ነገሩኝ፤ ኦሊቭም ቀና ብላ ራሷን ነቀነቀች። "ጨረቃዋ ያንቺ ናት" አሉኝ። "ብቻ የፋብሪካው ደወል ሲደወል ሥራሽን አስቀምጠሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።" ሥራ እስካቆምኩበት ቀን ድረስ እንደዚያው አደረግሁ። ማስቀመጫዋም ወደ እኔ ተመለሰች፤ ዛሬ መስኮቴ ላይ ያለችው እሷ ናት።

በመጨረሻ ወይዘሮ ታምስ ተነሡ። የሜብልን ስኒ አንሥተው የቀዘቀዘውን ሻይ ጓሮ ደፉ። ተመልሰው ለቅለቅ አደረጓት፣ ትኩስ ሻይ ቀዱባት፣ ወተት ጨመሩና ሊዮናርድ ፊት አስቀመጧት። "ጠጣ" አሉት፤ እሳቸውም አንተ አሉት። "ሰው ይጠጣባት።"

ሊዮናርድ አልደርሲ ስኒዋን አነሣ። እኔ፣ ኦሊቭ፣ እናቷ፣ ሦስታችንም ሳናስበው እጁን እናይ ነበር። ይህ ሰው በሕይወቱ ስኒ ሳይገለብጥ አልፎ አያውቅም። ከሥሯ ማን እንዳለች ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን። በሁለት እጁ ይዟት ትንሽ ቆየ። ኦሊቭ ከጠረጴዛው ሥር እጇን ዘርግታ ጉልበቱን ያዘችው።

ሳይገለብጣት ጠጣ።